ባልሠለጠነ እግር ስለ ደልጊ አንለምን

ለደልጊ ሕዝብ የአጎበር መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ማራቶን ልንሮጥ ከተነሣን ወዲህ፣ በምግብ አዳራሹም በመማሪያ ክፍሉም የሚሰማው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን፣ «አሥር አሥር ብር አዋጥቶ መላክ እያለ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መድከም ለምን?» ይለናል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ስሙን ካስመዘገበ በኋላ፣ «ኢትዮጵያዊ ለሩጫ ልምምድ አያሻውም፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም እንዴ?» እያለ እስከ ረፋድ ይተኛል። ለመጀመሪያዎቹ መልስ አለን፤ ከሁለተኛዎቹ ጋር ግን ጠበኞች ነን።

አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮማ ባዶ እግሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉ እውነት ነው። ነገር ግን የእግሩን ባዶነት የሚያወሩ ሰዎች፣ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር የደከመበትን ልምምድ አያነሡም። እርሱ የተወው ጫማውን እንጂ ልምምዱን አይደለም። ማራቶንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጥ ሰው አራት ወር ያህል መዘጋጀት አለበት። በሳምንት ሦስት አራት ቀን መሮጥ፣ ከእነዚህም በአንዱ ቀን ረጅሙን ርቀት መሸፈን፣ ርቀቱንም ከሳምንት ወደ ሳምንት በጥቂት በጥቂቱ መጨመር፣ ቀኑ ሲቃረብም መቀነስ ይገባዋል። ከ30 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ በሰውነት ውስጥ የተከማቸው ስኳር እያለቀ ሲሄድ፣ ፉከራ እግር አያነሣም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያውቁ አልቀሩም።

ይህን የምንለው ስለ ስፖርት ብቻ አይደለም። ደልጊ በጣና ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ በጣቁሳ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ክረምቱ ሲወጣ በሐይቁ ዳር የሚቀረው ረግረግ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ካስገደዱት ምክንያቶች አንዱ በጎረቤቷ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ወባ ዛሬም ከዚያ አገር አልወጣም። አጎበርም ቢሆን ሦስት ዓመት ያህል አገልግሎ ያረጃል። እንግዲህ አንድ ቀን ጮኾ ዝም የሚል በጎ አድራጎት ለደልጊ ምን ይረባታል?

ለመጀመሪያዎቹ ነቃፊዎቻችንም የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው። አሥር ብር ሰጥቶ የሄደ ሰው በማግስቱ ይረሳል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ብር ሊሰጠን ቃል የገባ፣ አራት ወር ሙሉም በየማለዳው ስንሮጥ የሚያየን ሰው ግን፣ «የደልጊ ነገር ምን ደረሰ?» ብሎ ይጠይቀናል። እኛም መልስ ይዘን መገኘት አለብን።

በሌላ ጊዜ ለበጎ ሥራ የተዋጣ ገንዘብ ለካናቴራና ለመፈክር ጨርቅ ሲውል በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ ካናቴራ አንሻም። እያንዳንዱ ሳንቲም ለአጎበር ይዋል፤ ሒሳቡ በየሳምንቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ መምህራኖቻችንም ይመርምሩት።

ተመዝግበህ ያልተለማመድህ ወንድማችን፣ ተመዝግበሽ ያልተለማመድሽ እኅታችን! ቃል የእምነት ዕዳ ነው። መሮጥ ካልተቻለ ስምን ዛሬ መሰረዝ ነውር አይደለም፤ ገንዘብ መሰብሰብም፣ ሒሳብ መያዝም፣ ለሯጮች ውኃ ማቀበልም ሥራ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ነውሩ በደልጊ ሕፃናት ስም ገንዘብ ተቀብሎ፣ በአሥረኛው ኪሎ ሜትር ከመንገድ ዳር መቀመጥ ነው።

እሮጣለሁ የሚል ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በግቢው በር ይገኝ።