ማስኩ አገጭ ላይ ሲውል፦ ልጆቻችን ከማን ተማሩት?

የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4/2012 ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። መጋቢት 7 የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በየደረጃው ተከፈቱ። ያኔ ተማሪዎች ተራርቀው እንዲቀመጡና ማስክ እንዲያደርጉ ታዞ ነበር። ይሁን እንጂ የትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ለተመለከተ ትእዛዙና ተግባሩ ሲለያዩ ማየት ቀላል ነበር። ታዳጊዎቻችን ጥበቃው ፊት ማስካቸውን ያደርጉ ነበር፤ ግቢ ከገቡ በኋላ አገጫቸው ላይ ያወርዱት ነበር፤ ሲወጡ ደግሞ ኪሳቸው ይከቱት ነበር።

ብዙዎቻችን «ልጅነት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ጉዳዩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለንም።

በመጀመሪያ፣ ታዳጊዎች በሽታው በይበልጥ የሚጎዳው አረጋውያንን እንደሆነ ከጅምሩ ሰምተዋል። የሰሙትም እውነት ነው። ያልነገርናቸው ቀሪውን ግማሽ ነው። ምንም የሕመም ምልክት የማይታይበት ወጣት ቫይረሱን ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የማስኩም ዋነኛ ጥቅም ከአፍና ከአፍንጫችን የሚወጣው ወደ ሌላው እንዳይደርስ መያዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች እንደ አዋቂዎች ማስክ እንዲያደርጉ የመከረውም ለዚህ ነው። በእኛ አገር ደግሞ አያት፣ ወላጅና የልጅ ልጅ በአንድ ክፍል ማደራቸው የተለመደ ነው። ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ ማታ የሚቀመጠው ከአያቱ ጎን ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆቻችን እኛን አይተዋል። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ፖሊስ ሲመጣ ማስካችንን ከፍ፣ ሲሄድ ዝቅ ስናደርግ ነበር። አዋጁ አብቅቶ መመሪያ ቁጥር 30 ሲወጣ ግዴታው ቢቀጥልም ጥንቃቄያችን ላላ። ስለዚህ ታዳጊው ማስክ የቅጣት ማምለጫ እንደሆነ ከእኛ ተማረ። ቀጪ በሌለበት ቦታ ታዲያ ለምን ያደርገዋል?

ሦስተኛ፣ የጓደኛ ተጽዕኖ አለ። በዚህ ዕድሜ ከቡድን መለየት ይከብዳል። ሁሉም ባወለቁበት ብቻውን ያደረገ «ታመሃል እንዴ?» እየተባለ ይቀለድበታል። ገንዘብም ሌላው ችግር ነው። አራት ልጅ ያላት እናት በየቀኑ አዲስ ማስክ መግዛት አትችልም። ልጁ አንዱን ለሳምንት ሲያደርገው ይቆሽሻል፣ ይሸታል፤ ቢጠላው አይፈረድበትም።

አንዳንድ ታዳጊዎች ደግሞ «አላህ ከጻፈው አያልፍም» ይላሉ። ቀደሩ እውነት ነው፤ ጥንቃቄን ለመተው ግን ማስረጃ አይሆንም። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ መመለሳቸውን፣ ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ተብለው ሲጠየቁም ሽሽታቸው ከቀደር ወደ ቀደር መሆኑን መመለሳቸውን በመድረሳ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ታሪክ ለዛሬ ልጆቻችን እንደ አዲስ ሊነገር ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቁጣና ዱላ ልጁን በር ላይ ብቻ ያስታጥቀዋል። ኃላፊነት መስጠት ግን የተሻለ ይሠራል። ለታዳጊው «አያትህ በአንተ እጅ አማና ናቸው» ብንለው ቃሉ ይገባዋል። በወረርሽኙ ወቅት በየመስጂዱ በር ሳኒታይዘር ሲያድሉና ሰጋጁን ሲያራርቁ የነበሩት ወጣቶች ራሳቸው ያለ ጎትጓች ማስክ ሲያደርጉ አይተናል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት የጨርቅ ማስክ ሰፍቶ በየማታው በሳሙና ማጠብም ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ አይደለም። አቅም ለሌላቸው ደግሞ የሰፈር ጀመዓዎች ይድረሱላቸው። ኡስታዞችና መምህራን በሚያስተምሩበት ሰዓት የራሳቸውን ማስክ አያውርዱ።

ከሁሉም በፊት ግን ወላጆች ነገ ጠዋት ልጃችንን ከመገሠጻችን በፊት የራሳችን ማስክ የት እንዳለ እንይ።

አላህ አረጋውያኖቻችንን ይጠብቅልን፤ ለታመሙት አፊያውን ይስጥልን። አሚን።