የቆመ መኪና ሒሳብ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ፋብሪካዎች መዘረፋቸውና መጎዳታቸው የታወቀ ነው። የጠፋውን ለመተካት አዲስ መኪና ከውጭ ማስመጣት ተገቢ ቢሆንም፥ በእጅ ያለው መኪና ምን ያህል እንደሚሠራ መመርመር ግን ይቀድማል።

ለዚህም ጃፓናዊው ሴይቺ ናካጂማ ያስተማረው ቀላል ስሌት አለ። መኪናው ሊሠራ ከሚገባው 8 ሰዓት 2ቱን ቆሞ ቢውል፥ የሠራበት ጊዜ 75 በመቶ ነው። ፍጥነቱ ከሚገባው 80 በመቶ፥ ከምርቱም ደኅናው 95 በመቶ ቢሆን፥ ሦስቱ ሲባዙ ውጤቱ 57 በመቶ ብቻ ይሆናል። ናካጂማ ለመልካም ፋብሪካ ያመለከተው ግብ ግን 85 በመቶ ነው።

ነገሩ የባለፋብሪካው ብቻ አይደለም። መኪናው የሚቆምበት ምክንያት ተመዝግቦ ቢገኝ፥ አስመጪው የሚፈለገውን መለዋወጫ በጊዜው ያዝዛል፤ ላኪው ለደንበኛው የሰጠውን ቀጠሮ ያከብራል፤ ባለሱቁም ዕቃ አይጎድልበትም። ስለዚህ በየመኪናው አጠገብ ደብተር አኑሮ፥ መብራት ጠፍቶም ሆነ መለዋወጫ ታጥቶ የቆመበትን ሰዓት ከነምክንያቱ መጻፍ፥ ለአዲስ መኪና የውጭ ምንዛሪ ከመጠየቅ በፊት ሊፈጸም የሚገባው ሥራ ነው።