የአሜሪካ አገረ ገዥ ታዛዥነቱ ለማን ነው?

አገረ ገዥ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሲነገር ወደ አሳባችን የሚመጣው ከመናገሻው ከተማ የሹመት ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ የሚወርድ፣ ሿሚውም ሲፈልግ የሚያዛውረው ወይም የሚሽረው ሹም ነው። ስለዚህ አንድ የአሜሪካ አገረ ገዥ ፕሬዚዳንቱን በፍርድ ቤት ከሰሰ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው «ሹም አለቃውን እንዴት ሊከስ ቻለ?» እያለ ይደነቃል። መልሱ ባጭሩ ሲነገር፣ ፕሬዚዳንቱ የአገረ ገዥው አለቃ አይደለም፤ አልሾመውም፤ ሊሽረውም አይችልም። ታዲያ አገረ ገዥው የሚታዘዘው ለማን ነው? ይህን ለመረዳት ታሪኩንና የሥራውን አካሄድ ጥቂት መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አሜሪካኖች በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበሩበት ዘመን ከአገረ ገዥዎቻቸው ብዙዎቹን የሚሾመው የእንግሊዝ ንጉሥ ነበር። ከዚህም የተነሣ በ1776 ነጻነታቸውን ባወጁ ጊዜ ይህን ማዕረግ በጥርጣሬ ዐይን ተመለከቱት። ቨርጂኒያ አገረ ገዥዋ በምክር ቤት ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲመረጥ አደረገች። ፔንሲልቫኒያ ደግሞ አገረ ገዥ የሚባል ሰው ጭራሹን አያስፈልገኝም ብላ ሥራውን ለአንድ ጉባኤ ሰጠች። ኒውዮርክ ግን በ1777 ባወጣችው ሕገ መንግሥት አገረ ገዥዋ በመራጮች ድምፅ ለ3 ዓመት እንዲመረጥ ወሰነች። ከጊዜ በኋላ የሌሎቹም አካሄድ ወደዚሁ አዘነበለ። ዛሬ 50ዎቹም ግዛቶች አገረ ገዥያቸውን የሚመርጡት በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ነው። የሥራው ዘመን በ48ቱ ግዛቶች 4 ዓመት ሲሆን በኒው ሃምፕሽርና በቬርሞንት 2 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ 13 ግዛቶች የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በ1787 ከመጻፉ በፊት የየራሳቸው መንግሥት ነበራቸው። በ1791 የጸደቀው ዐሥረኛው ማሻሻያም፣ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠና ለግዛቶቹ ያልተከለከለ ሥልጣን ሁሉ ለግዛቶቹ ወይም ለሕዝቡ የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ ትምህርት ቤት፣ ፖሊስ፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ መንገድ፣ የመንጃ ፈቃድና ይህን የመሰለው የዕለት ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የግዛቱ ሥራ ነው። በዋሺንግቶን አካባቢ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ወንዝ ተሻግረው ቤት በለወጡ ቁጥር ሕጉ፣ ግብሩና መንጃ ፈቃዱ አብሮ ሲለወጥ ይህን በኑሯቸው ያዩታል።

የአገረ ገዥው ሥልጣን ቀላል አይደለም። የግዛቱን ባጀት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ የወሰነውን ሕግ ቬቶ በሚባለው ሥልጣን ይመልሳል። ከ40 በሚበልጡ ግዛቶች ደግሞ ከባጀቱ ውስጥ ያልተስማማበትን አንቀጽ ብቻ ነጥሎ መሰረዝ ይችላል። ይህ ለፕሬዚዳንቱ እንኳ የተከለከለ ነው። በ1996 ይህንኑ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶለት ነበር፤ ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ሲል ሻረው። በብዙ ግዛቶች ያለው የምሕረት ሥልጣን ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በጃንዋሪ 2003 የኢሊኖይ አገረ ገዥ የነበሩት ጆርጅ ራያን ሥራቸውን ሊለቁ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ከ150 በላይ የሆኑ የሞት ፍርደኞችን ቅጣት ለወጡ። ምክንያታቸውም በግዛቲቱ ያለ ጥፋታቸው ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች በመገኘታቸው ፍርዱን ማመን አልቻልሁም የሚል ነበር። የአንድ ሰው ፊርማ ይህን ያህል ነፍስ ያተርፋል ወይም ያሳልፋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ልጓም አለው። በቴክሳስ ምክትል አገረ ገዥውና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለየብቻ በሕዝብ ስለሚመረጡ አገረ ገዥው አንዳቸውንም መሻር አይችልም። ምክር ቤትም ገዥውን ሊከስና ሊያወርድ ይችላል። በኢሊኖይ ሮድ ብላጎየቪች ባዶ የሆነውን የሴኔት ወንበር ለጥቅም ሊሸጡ ሞክረዋል ተብለው በ2009 ከሥልጣን ወረዱ፤ በኋላም ተፈርዶባቸው ታሰሩ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ፣ የሥራ ዘመናቸው ሳያልቅ፣ በ2003 ግሬይ ዴቪስን በድምፁ አንሥቶ የሲኒማ ተዋናዩን አርኖልድ ሽዋርዜኔገርን ተካ።

አገረ ገዥና ፕሬዚዳንት ፊት ለፊት የሚገናኙበት ዋናው ስፍራ ብሔራዊ ዘብ የተባለው ጦር ነው። ይህ ጦር በተለመደው ጊዜ የሚታዘዘው ለአገረ ገዥው ነው፤ ሆኖም ሕጉ በሚፈቅደው ሁኔታ ፕሬዚዳንቱ ወደ ፌዴራል አገልግሎት ሊጠራው ይችላል። በሴፕቴምበር 1957 የአርካንሳስ አገረ ገዥ ኦርቫል ፎበስ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት ያዘዘውን ተቃውመው፣ 9 ጥቁር ተማሪዎች ወደ ሊትል ሮክ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ በዚህ ጦር በር አስዘጉ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ያንኑ ጦር ከአገረ ገዥው እጅ ወስደው በፌዴራል ትእዛዝ ሥር አደረጉት፤ 101ኛውን የአየር ወለድ ክፍለ ጦር ጨምረው ላኩ። ተማሪዎቹም በወታደር ታጅበው ገቡ።

በጁን 2025 ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሎስ አንጀለስ በስደተኞች መያዝ ምክንያት የተነሣውን ተቃውሞ ጠቅሰው የካሊፎርኒያን ብሔራዊ ዘብ ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ ጠሩ። እንዲህ ያለ ጥሪ ያለ ገዥው ፈቃድ ሲደረግ ከ1965 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አገረ ገዥው ጋቪን ኒውሰም ጦሩን በጦር ለመመለስ አልሞከሩም፤ ፕሬዚዳንቱ ከሕግ ወጥተዋል ብለው ክስ አቀረቡ። በ1957 የፍርድ ቤትን ትእዛዝ የጣሰው አገረ ገዥ ነበር፤ በ2025 ወደ ፍርድ ቤት የሄደው አገረ ገዥ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ ጥያቄው «ማን ይበልጣል?» ሳይሆን «ሕጉ የፈቀደው ለማን ነው?» የሚል ነበር።

ይህ ማዕረግ ለላይኛውም ሥልጣን መለማመጃ ሆኖ ቆይቷል። ከ1977 እስከ 2009 ባሉት 32 ዓመታት ውስጥ 28ቱን ዓመት አሜሪካን የመሩት ቀድሞ አገረ ገዥ የነበሩት ካርተር፣ ሬገን፣ ክሊንተንና ታናሹ ቡሽ ናቸው። በግዛት የተሞከረ ሥራም ወደ መላ አገሪቱ ይሻገራል። በ2006 ማሳቹሴትስ በአገረ ገዥው ሚት ሮምኒ ዘመን ያወጣችው የጤና መድን ሕግ በ2010 ለወጣው ብሔራዊ ሕግ አርአያ ሆኗል።

እንግዲህ በአርእስታችን ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ የአሜሪካ አገረ ገዥ የሚታዘዘው ለመረጠው ሕዝብ፣ ለግዛቱ ሕግና ከሁሉ በላይ ለሆነው የፌዴራል ሕገ መንግሥት ነው እንጂ ለፕሬዚዳንቱ ሰውነት አይደለም። የሥልጣን መከፋፈል ሥራን ያዘገያል፤ ጭቅጭቅም ያበዛል። አንዳንድ ጊዜም፣ በሊትል ሮክ እንደታየው፣ የግዛት መብት የሚባለው ነገር ለግፍ መሸሸጊያ ይሆናል። ነገር ግን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንደሚባለው፣ አንዱ ባለሥልጣን ከሕግ ሲወጣ ዜጋው የሚይዘው ሌላ ባላ አያጣም። በሊትል ሮክ የነበሩት 9 ተማሪዎች ግዛታቸው በሩን ሲዘጋባቸው የተንጠለጠሉት በሁለተኛው ባላ ነበር። ወደ መንግሥት ሥራ የሚገባ ወጣትም ስለ ማንኛውም አገር ሹም ሲያነብ፣ የማዕረጉን ስም ከማወቁ አስቀድሞ፣ ሥልጣኑን ከማን እንደተቀበለና ቢያጠፋ በማን ፊት እንደሚቆም መጠየቅ ይገባዋል።