ቀለሙና ጠብታው

በዚህ ወር ከወትሯችን ወጣ ብለን ጋራዥ እንገባለን። ታላቅ ወንድማችን አሮጌ ቮልሱን ሊሸጥ አስቦ፣ «ሞተሯን ቀለም እንቀባትና ታምር» አለን።

ቮልስ የምትቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። በሲሊንደሮቿ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ክንፎች ወፍራም ቀለም ከለበሱ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ አልነካናቸውም። የቀባነው የማራገቢያውን ላሜራና የቫልቭ ክዳኖቹን ነው። እነሱም ተፈትተው፣ ቅባታቸው በነጭ ጋዝ፣ ከዚያም በሳሙና ታጥቦ፣ ዝገታቸው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ደርቀው ነው። ቅባት ላይ ያረፈ ቀለም ወዲያው ይላጣል። (ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ሥራ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩት።) ማርሚታው ተራ ቀለም ያቃጥላል፤ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የራሱ ቀለም አለው።

ስናጥብ ግን ዘይት እንደሚንጠባጠብ አየን። የቫልቭ ክዳኖቹን የቡሽ ጓርኒሲዮን ለወጥን፤ ያ ቀላል ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት የሚመጣው ግን ሞተሩ ካልወረደ አይሠራም። ወንድማችን «ታጥቦ ከተቀባ ማን ያየዋል?» አለ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከሥሩ እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ ሁለታችንም በልጅነታችን ከአንድ ኡስታዝ ነው የሰማነው። አስታወስነው። ዝም አለ፤ ብሩሹንም አስቀመጠ።

ገዥው ሲመጣ ወንድማችን ራሱ ጎንበስ ብሎ ጠብታውን አሳየው። ሰውየው ከዋጋው ላይ ሞተር ማውረጃውን ቀነሰ።