የ«ሩሲያዋ» ሠዓሊና የእኛ ዝምታ

የምኖረው ቤርሼባ፣ ሽኩና ጊሜል ነው። ዛሬ ስለ አንዲት ሠዓሊ ላጫውታችሁ ነው። «ኤሌክትሪክ ተምሮ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ከስዕል ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ፤ ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሠዓሊዋ ዞያ ቼርካስኪ ትባላለች። በ1976 ኪዬቭ ተወለደች። ኪዬቭ የዩክሬን ከተማ መሆኗን አውቃለሁ፤ በእኛ ሰፈር ግን ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጣ ሁሉ «ሩሲ» ነው። እኛስ ከጎንደርም ከትግራይም ብንመጣ ስማችን አንድ አይደለም እንዴ? ወደ እስራኤል የመጣችው በ1991፣ ሶቪየት ኅብረት ልትፈርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ገና ልጅ ሳለች ነው። ዓመቱን ልብ በሉልኝ! በዚያው ዓመት፣ በግንቦት፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ የእኛ ሰዎች 36 ሰዓት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ መጡ። እኔም በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ከመጡት አንዱ ነኝ። ከሶቪየት ኅብረት ደግሞ በዘጠናዎቹ ዓመታት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ጎረፈ።

ስለዚህ በአንድ ዘመን የመጣን ጎረቤታሞች ነን። በሽኩና ጊሜል አንድ ደረጃ እየወጣን፣ አንድ ገመድ ላይ ልብስ እያሰጣን እንኖራለን፤ ግን አንተዋወቅም። እኛ እነሱን «ሁሉ ነገር የተመቻቸላቸው፣ የተማሩ ነጮች» እንላለን። እነሱም ስለ እኛ የሚሉትን ይላሉ። የዞያን ስዕሎች ሳይ ግን ይህ አስተሳሰቤ ተናጋ።

በ2018 ኢየሩሳሌም በሚገኘው የእስራኤል ሙዚየም ትልቅ ኤግዚቢሽን አቀረበች። ስሙ «ፕራቭዳ» ነው። በሩሲያኛ «እውነት» ማለት ሲሆን የሶቪየት ኮሚኒስት ፓርቲ ጋዜጣ ስምም ነበር፤ በደርግ ጊዜ «ሠርቶ አደር» ጋዜጣን ያነበባችሁ ታላላቆቻችን ቀልዱ ይገባችኋል። ርዕሰ ጉዳዩ የእነሱ ስደት ነው። አንዱ ስዕል «የአጎቴ ያሻ ግርዘት» ይባላል፤ አንድ ትልቅ ሰውዬ በስተርጅና ሲገረዝ ያሳያል። ሌላው ላይ ደግሞ አንድ ራቢ ወደ ሃይማኖቱ ለመግባት የሚፈልጉ ሰዎችን ቤት ሊመረምር መጥቶ የአሳማ ሥጋ ያጋጥመዋል። ከአውሮፕላን ገና የወረደውን ቤተሰብ ያሳየችበትን ስዕል ምን ብላ ሰየመችው መሰላችሁ? «አዲሶቹ ተጠቂዎች»!

ስዕሎቹ የሚያስቁ ናቸው፤ ቆይተው ደግሞ ያማሉ። ለመረዳት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።

እኔ በተለይ ያ የራቢው ስዕል ልቤን ነክቶታል። ለምን? ያ ራቢ የእኛንም ቤት ስለሚያውቅ ነው። የእኛ ሰዎች ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ በሱዳን በረሃ ስንቱን ወገን ቀብረው ሲመጡ የጠበቃቸው ጥያቄ «እርግጥ አይሁዳውያን ናችሁ?» የሚል ነበር። በመጀመሪያ ከወንዶቹ የደም ጠብታ ሳይቀር ይፈለግ ነበር፤ ኋላም ወንድ ሴት ሳይባል ውኃ ውስጥ መጠመቅ ግዴታ ሆነ። በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም በዋናው ራቢኖት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃውመዋል። ለካስ ጎረቤቶቻችንም በዚያው ወንፊት ነው የተነፉት! ዜግነት አግኝተው፣ ልጆቻቸው ወታደር ሆነው፣ በራቢኖቱ ዘንድ ግን አይሁዳዊ ያልተባሉ ብዙ ናቸው። እኔም በውትድርና ጊዜ አብረውኝ ካገለገሉት መካከል እንዲህ ያሉ ልጆች ነበሩ። ጠመንጃ ሲሰጣቸው ማንም ማስረጃ አልጠየቃቸውም።

እንግዲህ ልዩነቱ የት ላይ ነው? እሷ ውርደቱን ሳለችው፤ እኛ ዋጥነው።

ሠዓሊዋን ቅድስት አላደርጋትም። «ኢጺክ» የሚባል ስዕል አላት፤ ፈላፌል ሻጩን የምሥራቅ አይሁድ ሰው ጸጉረ ወርቃማ ሠራተኛውን ሲጎነትል ያሳያል። ብዙዎች «ይህ ዘረኝነት ነው» ብለው ተቆጥተዋል። እኔም አልወደድኩትም፤ ሕዝብን በአንድ ባለጌ መመሰል ምን እንደሚያደርግ እኛ ቆዳችን ላይ እናውቀዋለን። ቢሆንም አንድ ነገር አከብርላታለሁ፦ የራሷንም ወገን አልማረችም። ስካሩን፣ ድህነቱን፣ ግራ መጋባቱን ሁሉ አሳይታለች።

ወደ እኛ ልምጣ። የእኛ ምስል ምንድን ነው? አውሮፕላን፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች አሮጊት መሬት ስትስም፣ ግንባሩ ላይ ቁጥር የተለጠፈበት ሕፃን። ፎቶዎቹ ውሸት አይደሉም፤ ግን ያነሳቸው ሌላ ነው፤ ያነሳቸውም ለሌላ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውስ? አባት በራሱ ቤት ለልጁ አስተርጓሚ ሲለምን? የምርካዝ ክሊታዋ ሠራተኛ ስማችንን በአንድ ደቂቃ ስትቀይር? በ1996 የለገስነው ደም በድብቅ እንደሚጣል የሰማን ዕለት? ይህንን ማን ሳለው?

አንዳንድ ሽማግሌዎች «የተቀረጸ ምስል በኦሪት ክልክል ነው» ይላሉ። አክብሬ እመልሳለሁ፦ ኦሪት የከለከለው ማምለክን ነው። በዚያው በዘጸአት መጽሐፍ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ ለእጅ ጥበብ መንፈሱን ሞላበት። እናቶቻችንስ ጎንደር ወለቃ ላይ ከሸክላ አንበሳውንና ሰውን እየሠሩ ለጎብኚ ይሸጡ አልነበር? እጁ አለን። ያን ጊዜ ለፈረንጅ መደርደሪያ ነበር፤ አሁን ለራሳችን ይሁን።

ደግሞም ተጀምሯል! ኒሪት ተከለ የምትባል ሠዓሊ አለች፤ በ1985 ኢትዮጵያ ተወልዳ በ1991 የመጣች፣ ሼንካር ኮሌጅ የተማረች። የምትስላቸው ሰዎች እንደ ሐውልት የገዘፉ፣ ቡናማ፣ የተከበሩ ናቸው። ከእኛ ቤት ስንቱ ስሟን ያውቃል? እፈራለሁ፣ ቴል አቪቭ ያሉ ሰብሳቢዎች ከእኛ ቀድመው ያውቋታል።

ለወላጆች የምለው ይህን ነው። ልጃችሁ ቁጭ ብላ ስትስል «እንጀራ አይሆንሽም» ብላችሁ እርሳሱን አትንጠቋት። የእጅ ሙያ መልካም ነው፤ እኔንም እያኖረኝ ነው፤ ከሥራ መልስ መሳልን ግን አይከለክልም። አንድ ቀን ወደ አሮጌው ከተማ ውሰዷት፤ የነጌቭ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እዚያው ነው፣ በ1906 የኦቶማኑ አስተዳዳሪ መኖሪያ በነበረው ቤት። ከዚያ አያቷ አጠገብ አስቀምጧትና የሱዳንን መንገድ ጠይቃ ትሳለው። አያቶቻችን አብረውን ያሉት ለጥቂት ጊዜ ነው።

ሌላም አለ። ፎቅ ላይ የምትኖረውን «ሩሲያዊት» አሮጊት እስቲ ቡና ጥሯት፤ ስለ ራቢው ጠይቋት። ሳቁም ልቅሶውም አንድ ሆኖ ታገኙታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ቸር ያሰማን። ሻባት ሻሎም!