«እንደገና ይመርቁን፤ ድምፁ አልገባም»

«ካሜራ ካልገባ እንጀራ አይገባም።»

ይህን የነገረኝ የአንድ አረጋውያን መርጃ ማዕከል አስተባባሪ ነው። በቁጣ አልተናገረም፤ ነገሩ ላልገባው ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት፣ ረጋ ብሎ ነው ያለኝ። ከዚያ ወዲህ ይችኑ አባባል ከሥራ ባልደረቦቼም፣ ከጓደኞቼም፣ ከገዛ ወንድሜም አፍ ሰምቻታለሁ። ቤት ስለምትመታ ነው መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ እንደ አባቶች ምሳሌ ይዟታል። እኔ ግን ሐሰት ብቻ ሳትሆን ክፉም ናት እላለሁ።

የዳግማ ትንሣኤ ሰሞን ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን ሰባት ሆነን ዘይት፣ ሳሙናና የአዋቂ ዳይፐር ይዘን ሄድን። ስንደርስ ሌሎች ቀድመውናል፤ የልጃቸውን ልደት ሊያከብሩ የመጡ ቤተሰብ ናቸው። የልጁ ፎቶ የታተመበት ቲሸርት ሁሉም ለብሰዋል፣ ፊኛው በየአልጋው ብረት ላይ ታስሯል፣ ሁለት ቪዲዮ ቀራጮች ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ። መስኮቱ ሥር የተኙ አንዲት እናት ቀራጩ ሲመጣ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። «እማማ፣ ትንሽ ገለጥ ያድርጉት» አላቸው። ገለጡት። ልጁ ኬክ አጎረሳቸው። «ይመርቁት» ተባሉ፤ መረቁት። ቀራጩ ጆሮው ላይ የሰካውን አውልቆ፣ «እማማ፣ እንደገና ይመርቁን፤ ድምፁ አልገባም» አለ።

እንደገና መረቁ።

ምርቃት ትልቅ ሰው ከልቡ ፈንቅሎት ሲወጣ የሚሰጠው ነገር ነው። እጅ የሚነሳለት፣ ጎንበስ ተብሎ «አሜን» የሚባልለት ነው። በእኛ አገር ምንም የሌለው ሽማግሌ እንኳ የሚሰጠው አንድ ሀብት ቀርቶታል ከተባለ እሱ ምርቃቱ ነው። እሱንም በትእዛዝ፣ ለዚያውም ሁለት ጊዜ፣ እንደ ማስታወቂያ ሠራተኛ አስደገምናቸው። አስተባባሪውን «ይህ ነገር ተገቢ ነው ወይ?» ብዬ የጠየቅሁት ያኔ ነው፤ የእንጀራዋን ነገር የመለሰልኝም ያኔ ነው።

እስቲ እንዳለው እንውሰደው። ካሜራ ካልገባ እንጀራ የማይገባ ከሆነ፣ እንጀራው ዋጋ ተቆርጦለታል ማለት ነው። ዋጋውም የሴትየዋ ፊት ነው። ገዢው ልደት አክባሪው ቤተሰብ ነው፤ ሻጩ ማዕከሉ ነው። ባለ ፊቷ ግን በገበያው ውስጥ የሉበትም፤ ስንት እንደተሸጠም አልተነገራቸውም። ይህን ልግስና ብሎ መጥራት የልግስናን ስም ማርከስ ነው።

«ፈቅደዋል እኮ፤ ማንንም አስገድደን አናውቅም» ይላሉ። ክርክራቸው ሁሉ በዚህች ቃል ላይ ነው የቆመው፤ እኔም ከዚህች ቃል አልንቀሳቀስም። ማን ጠየቃቸው? ጠዋት ሻይ የሚያመጣላቸው፣ ሌሊት አልጋቸውን ሲያረጥቡ አንሶላ የሚቀይርላቸው፣ ከዚያ ግቢ ያስወጣኝ ይሆን ብለው የሚፈሩት ሰው ነው የጠየቃቸው። ከዚያ አልጋ ወዲያ መሄጃ የላቸውም። መሄጃ የሌለው ሰው «እሺ» ሲል ፈቀደ አይባልም። «እምቢ» ማለት የሚችል ሰው ብቻ ነው «እሺ» ማለት የሚችለው። እምቢ ያሉ እናት በዚያው ሳምንት ብርድ ልብስ ሲታደል ወደ ኋላ አይባሉም ብሎ የሚምልልኝ አስተባባሪ ካለ ይምጣና ይማልልኝ። ቢምል እንኳ እርሳቸው ያንን አያውቁም፤ ሲያውቁት የኖሩት ተቃራኒውን ነው።

ደግሞም እኚያ እናት ፊታቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ መልሰው ነበር። ለጥያቄው ከዚያ የበለጠ ግልጽ መልስ የለም። ሸፈኑ፤ «ገለጥ ያድርጉ» ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፈቃድ ማውራት ነውር ነው።

በዚያው ክፍል ውስጥ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አባት ነበሩ። ቀራጩን በልጃቸው ስም ይጠሩታል። እሳቸውስ በምን ቋንቋ ነው የፈቀዱት? የአእምሮ ሕመም ኖሮባቸው ከጎዳና ተነሥተው ሲታጠቡ፣ ጸጉራቸው ሲላጭ፣ ራቁታቸውን ሆነው «በፊትና አሁን» እየተባለ የሚታዩትስ? ነገ ድነው ከዚያ ግቢ ወጥተው ሥራ ሊጠይቁ ቢሄዱ ቀጣሪው ስልኩን ከፍቶ ምን እንደሚያይ ያሰበላቸው አለ?

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ የታወቀ ሰው ሲሆን፣ የሕዝብ ሥልጣን የያዘ ሲሆን፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ሲባል፣ ወይም ነገሩ ሕዝብን የሚመለከት ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ሲሆን። የልጅ ልደት ማክበር ከእነዚህ ውስጥ የለም። የታመመ ሰው አልጋም አደባባይ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ሲደነግግ የራስ ቤት ያላቸውን ብቻ ለይቶ አልጻፈም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል፤ «እኚህ እናት ስኳርና ግፊት አለባቸው፣ ሽንት አይቆጣጠሩም» እያሉ በቪዲዮ ላይ ማውራት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል የጸደቀው በጥር 2008 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ በእንክብካቤ ማዕከል ስለሚኖሩ አረጋውያን ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ አገራችንም ተቀብላዋለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው የአረጋውያን መርሆዎች ደግሞ ሰው በማናቸውም መጠለያ ወይም መጦሪያ ሲኖር ክብሩ፣ እምነቱና ገመናው ተጠብቆ፣ ስለ ራሱ ሕይወት ራሱ እንዲወስን ይላል። ገመና የሚለውን ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ለነገሩ ከዚህ የተሻለ ቃል ግን አማርኛ የለውም።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ የባሕር ማዶ ወገኖቻችን ነገር ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ነርሲንግ ሆም በሚባሉ የአረጋውያን መጦሪያዎች ውስጥ ሌሊት የሚሠሩ ብዙ ዘመዶች አሉን። አሜሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የነርሲንግ ሆም ነዋሪ ገመናው እንዲጠበቅ፣ ቅሬታ ሲያቀርብ እንዳይበቀሉት፣ ያለ ሕክምና ምክንያት በገመድም በመድኃኒትም እንዳይታሰር ደንግጋለች። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነዋሪዎችን የሚያዋርድ ፎቶና ቪዲዮ እንዳያነሡና እንዳይለጥፉ በጽሑፍ አስጠንቅቋል። የኛ ዘመዶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። እዚያ የአልጋ ተራ ይዘው ሲዞሩ ስልካቸው ኪሳቸው ነው፤ ቢቀርጹበት ሥራቸውን፣ የሙያ ፈቃዳቸውንም ያሳጣቸዋል። ከዚያ ለገና ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ይመጡና በቦሌ ወርደው በሦስተኛው ቀን ማዕከል ገብተው፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው፣ በቀጥታ ስርጭት ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ። የማያውቅ ቢያደርገው አዝናለሁ። የሚያውቅ ሲያደርገው ግን የፈረንጅ አሮጊት ገመና አላት፣ የእናቴ እኩያ የላትም ማለቱ ነው። ሌላ ትርጉም ፈልጌ አጣሁለት።

እናቴ ጎረቤት ሲቸግረው ምግብ የምትልከኝ ማታ፣ ዓይን ያዝ ሲያደርግ ነበር። ሳህኑን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ «በጓሮ ዙሪ፤ ሰው ካየሽ የተበደርነውን ወንፊት መለስኩ በዪ» ትለኛለች። ዋሽታ ማስዋሸቷ ልጅ እያለሁም ይገርመኝ ነበር፤ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረችና። የጎረቤቷን ገመና ለመሸፈን ግን ትዋሽ ነበር። «የሰው ፊት እሳት ነው» የሚል ሕዝብ ልጆች ነን እኮ። ለምኖ የቆመ ሰው ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ሰው ነው ይህን አባባል ያወጣው። ዛሬ ያንን እሳት አልፈው አልጋ ያገኙትን ሰዎች እንደገና እሳቱ ፊት እያቆምናቸው ነው፤ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዓይን ፊት።

«ሕዝቡ ካላየ አያምንም» ለሚሉኝ፦ ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከግሸን ማርያም ሲመለሱ በድርቅ የተጎዱ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ ማንም አልቀረጻቸውም። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አሳደጉ። ሕዝቡ የረዳቸው ሥራቸውን አይቶ ነው። ዛሬም ማሳየት የሚፈልግ ማዕከል ባዶውን የጤፍ ጎተራ ያሳይ፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ ያሳይ፤ የወሩን ወጪ ከነደረሰኙ፣ የኦዲተሩን ሪፖርት ይለጥፍ። እኔ እንደ ለጋሽ ማየት የምፈልገው እሱን ነው፤ የሰጠሁት ብር የት እንደገባ የሴትየዋ እንባ አይነግረኝም። መናገር የሚወድ፣ ታሪኬን ቅረጹልኝ የሚል አረጋዊም ሞልቷል፤ እሱ ይናገር፣ ደስ እስኪለው።

የካሜራው ነገር ብቻውን የቆመም አይደለም። ነዋሪው ባለቤት ሳይሆን ዕቃ ነው ብሎ ከጀመረ ሰው ሌላውም ይከተላል። በር አይንኳኳም። በዐቢይ ጾም ዓርብ ኬክ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ «ጾመኛ ነኝ» ያሉ አባትን «ለአንድ ቀን ነው አባባ» ብለው አፋቸው ድረስ ሲያደርሱ ዓይቻለሁ። ስኳር ያለባት ሴት በአንድ ቀን ከሦስት ቡድን ሦስት ጊዜ ትጎርሳለች፤ ማታ ለሚነሣው ስኳሯ ቀራጩ የለም። ለፋሲካ ወረፋ ይዞ የሚገባው ሁሉ በሐምሌ ዝናብ፣ ተራ ማክሰኞ ቀን የለም። ያ አስተባባሪ እናቱን ቤቱ እንደሚጦር ነግሮኛል፤ ዕድሜ ይስጥለት። የማያውቀው ሰው እናቱ መኝታ ቤት ገብቶ «ነጠላዎን ገለጥ ያድርጉት» ቢላቸው ከነካሜራው ደጅ እንደሚያወጣው ግን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የእኚህ እናት መኝታ ቤት ያ ክፍል ነው። ሌላ የላቸውም።

ልደት አክባሪዎቹ ሲወጡ ጠጋ ብዬ መስኮቱ ሥር ከተኙት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ አረብ አገር ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ማዕከል መግባታቸውን አታውቅም። «ቤቴ ነኝ፣ ደኅና ነኝ እላታለሁ» አሉኝ። «ካወቀች ኮንትራቷን ጥላ ነው የምትመጣው። እሷም እዚያ ሆና እንደ ሌሎቹ ስልክ ታያለች።»

ቪዲዮው ከተለጠፈበት እንዲነሣ ጠይቄ ነበር። «ፊታቸው እምብዛም አይታይም» ተባልኩ። ይታያል።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ይዤው ወደ እናትየዋ ሄድኩ፤ የልጅቷን አገር፣ የእሳቸውንም መለያ ሁሉ ቀይሬ። ሲያዩኝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና እጄን አዩ። የያዝኩት ወረቀት ብቻ መሆኑን ሲያረጋግጡ አወረዱት። ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሡና፣ «እቺን አውጫት፤ የቀረው ይሁን» አሉኝ። አወጣኋት።