ስያሜ ያለ ብያኔ፦ የመንገድ መጋጠሚያዎችን ምን ብለን እንጥራቸው?

በአንድ ወቅት ተማሪዎቻችንን በሁለት ቡድን ከፍለን በከተማችን በሚገኙ የመንገድ መጋጠሚያዎች ላይ ተሽከርካሪ እንዲቆጥሩ አሰማርተናቸው ነበር። ሥራው ቀላል ይመስል ነበር፤ በቅጹ ላይ የመጋጠሚያውን ዓይነት መጻፍ፣ ከዚያም ከየአቅጣጫው የሚመጡትን ተሽከርካሪዎች መቁጠር። ይሁን እንጂ ቅጾቹ ተሰብስበው ሲመጡ፣ ያንኑ አንድ ቦታ አንደኛው ቡድን «አደባባይ»፣ ሌላኛው ደግሞ «መስቀለኛ መንገድ» ብሎት ተገኘ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በመጋጠሚያው መካከል ክብ ደሴት አለ፤ ማን ማለፍ እንዳለበት የሚወስነው ግን የትራፊክ መብራት ነው። ቅርጹን ያዩት አደባባይ አሉት፤ አሠራሩን ያዩት መስቀለኛ አሉት። የተሳሳትነው እኛ መምህራኑ ነበርን፤ ስም ጠየቅን እንጂ ብያኔ አልሰጠንምና።

ከዚህ ገጠመኝ በመነሣት በዚህ ጽሑፍ አንድ ሐሳብ ለአንባቢያን ለማቅረብ እንወዳለን። የመንገድ መጋጠሚያ ስም የሚጠቅመው መንገዱ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሲነግረን ሳይሆን፣ ተሽከርካሪዎች በውስጡ እንዴት እንደሚገናኙ ሲነግረን ነው የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይደለም። «መስቀለኛ» ቅርጽን ይናገራል። «ማዞሪያ» ድርጊትን ይናገራል። «አደባባይ» ከመኪና በፊት የነበረ፣ ሕዝብ ለፍርድና ለበዓል የሚሰበሰብበትን ስፍራ የሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ሲሆን፣ ዛሬ ተሽከርካሪ የሚዞርበትን ክብ መጋጠሚያም እንጠራበታለን። ክቡ ፈርሶ በመብራት ወይም በተሻጋሪ ድልድይ ከተተካ በኋላ እንኳ ቦታው አደባባይ መባሉን አይተውም። «ማሳለጫ» ደግሞ ከሁሉ አዲሱ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ «የጎተራ ማሳለጫ» ሲል መንገዶች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው የሚተላለፉበትን ግንባታ ማለቱ ነው። ቃሉ ዓላማን ስለሚናገር መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ማሳለጫ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አደባባይም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ልዩነቱ ለምን እንደሚያስጨንቀን ለመረዳት «የግጭት ነጥብ» የሚባለውን የምህንድስና ሐሳብ ማየት ይበቃል። አራት ክንድ ባለው ተራ መስቀለኛ መንገድ የተሽከርካሪዎች የጉዞ መስመሮች በ32 ነጥቦች ይነካካሉ። ከእነዚህ ውስጥ በ16ቱ ይቋረጣሉ፣ በ8ቱ ይቀላቀላሉ፣ በ8ቱ ይለያያሉ። ባለአንድ ረድፍ አደባባይ ላይ ግን ነጥቦቹ 8 ብቻ ናቸው፤ 4 መቀላቀያ፣ 4 መለያያ፣ መቋረጫ አንድም የለም። አንዱ ተሽከርካሪ የሌላውን ጎን የሚመታባቸው ከባድ አደጋዎች የሚደርሱት በመቋረጫ ነጥቦች ላይ በመሆኑ፣ ይህ የቁጥር ልዩነት የሕይወት ልዩነት ነው። እንግዲህ ስም ማለት ይህን ስሌት የምናስቀምጥበት መዝገብ ነው። መዝገቡ ከተምታታ ስሌቱም ይምታታል።

በቅርጽ የተሰጡ ስሞች ምን ያህል እንደሚያስቱ አስቀድመን እንመልከት። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ያለው የግሬቭሊ ሂል ማሳለጫ በ1972 ከመከፈቱ በፊት፣ ገና በ1965፣ የአካባቢው ጋዜጣ በስፓጌቲ መስሎት ስለነበር እስከ ዛሬ «የስፓጌቲ መጋጠሚያ» እየተባለ ይጠራል። ስሙ ፈገግ ያሰኛል፤ ሆኖም በሌሎች አገሮች ያሉ የተለያዩ ማሳለጫዎችም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ የሚያመሳስላቸው መጠላለፋቸው ብቻ ነው። አሜሪካዊው አርተር ሄል በ1916 የፈጠራ መብት ያገኘበትና በ1929 በኒው ጀርሲ ዉድብሪጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገሩ የተከፈተው ማሳለጫ ደግሞ ስሙን ያገኘው እኛ ማገጥ ከምንለው ተክል ቅጠል ነው። የማገጥ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል ነው፤ ማሳለጫው ግን አራት ጥምዝ አለው። ከዚህ ይልቅ ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ ወደ ግራ መታጠፍ የሚፈልግ አሽከርካሪ ድልድዩን ካለፈ በኋላ ወደ ቀኝ 270 ዲግሪ ዞሮ ይወጣል። ደካማ ጎኑም ከዚሁ ይመነጫል። ከአንዱ ጥምዝ የሚገባው ወደሚቀጥለው ጥምዝ ከሚወጣው ጋር በአጭር ርቀት ውስጥ መስመር መለዋወጥ አለበት። ቅጠሉን ብቻ የሚያስታውስ ተማሪ ይህን አያስታውስም።

ከዚህ የሚከፋው አንድ ስም ተቃራኒ ነገሮችን ሲሸፍን ነው። በፓሪስ አሥራ ሁለት ጎዳናዎች በሚገናኙበት በኤትዋል አደባባይ ቅድሚያ የሚሰጠው ወደ ክቡ ለሚገባው ተሽከርካሪ ነው። በብሪታንያ ግን ከ1966 ጀምሮ ቅድሚያ ያለው ቀድሞ በክቡ ውስጥ የሚዞረው ነው። ከሰማይ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ሁለቱን አይለያቸውም። አሠራራቸው ግን ፈጽሞ ይለያያል። የሚገባው ቅድሚያ ካለው በክቡ ውስጥ ያለው ይቆማል፤ እርሱ ሲቆም ከኋላው ያለው መውጫው ላይ መድረስ ያቅተዋል፤ መውጣት ያልቻለው ደግሞ ሌላውን ይዘጋል፤ እንዲህ እያለ ክቡ ራሱን በራሱ ይቆልፋል። የሚዞረው ቅድሚያ ካለው ግን ክቡ ዘወትር ራሱን ባዶ ያደርጋል። በዩናይትድ ስቴትስ ከ20 በላይ መጋጠሚያዎች በዚህ በሁለተኛው ዓይነት አደባባይ ከተተኩ በኋላ በተደረገና በ2000 ይፋ በሆነ ጥናት የአካል ጉዳት የሚያደርሱ አደጋዎች በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። ይህን ውጤት አንብቦ «አደባባይ ደኅንነትን ይጨምራል» ብሎ የሚደመድም ሰው የትኛው አደባባይ እንደሆነ ካልጠየቀ፣ ያነበበው ጥናት ስለ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ አንድ ነገር በብዙ ስም ሲጠራ ዕውቀት ይበታተናል። ከመጋቢ መንገድ መጥቶ ዋናውን መንገድ በቀጥታ ማቋረጥ የማይፈቀድበት፣ ይልቁንም አሽከርካሪው ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ ጥቂት ሄዶ፣ በመንገዱ አካፋይ ክፍተት ዞሮ የሚመለስበት መጋጠሚያ አለ። የሰሜን ካሮላይና መሐንዲሶች «ሱፐርስትሪት» ይሉታል፤ የሚዙሪዎቹ «ጄ-ተርን» ይሉታል፤ የሚኒሶታዎቹ ግጭት የተቀነሰበት መጋጠሚያ ይሉታል፤ የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና አስተዳደር ደግሞ መሻገር የተገደበበት የዩ-ዞር መጋጠሚያ ብሎ በ2014 መመሪያ አውጥቶለታል። የመጀመሪያው ስም ያወድሳል፤ ሁለተኛው ቅርጽ ይስላል፤ ሦስተኛው ውጤትን ይናገራል። አሽከርካሪው ምን እንደሚያደርግ በግልጽ የሚናገረው አራተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ረጅምና ለአፍ የማይመች ስለሆነ በሕዝብ ዘንድ አልተለመደም።

ሦስተኛው ሁኔታ እጅግ የሚያስተምር ይመስለናል። አንድ መንገድ ከፈጣን አውራ ጎዳና በላይ ወይም በታች ሲያልፍ፣ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ አውራ ጎዳናው ለመግባት የሚፈልገው ተሽከርካሪ ከፊት የሚመጣውን መስመር መቁረጥ ግድ ይለዋል። በፈረንሳይ በቬርሳይና በሌሎች ሁለት ቦታዎች በ1970ዎቹ ለዚህ ችግር አስደናቂ መፍትሔ ተሠራ፦ በድልድዩ ላይ የሁለቱ አቅጣጫ ተሽከርካሪዎች በመብራት ጎን ይለዋወጣሉ፤ በቀኝ የሚሄደው ለአጭር ርቀት በግራ ይሄዳል፤ በዚያ ሳለ ማንንም ሳይቆርጥ ወደ ግራ ይወጣል፤ የቀረው ተመልሶ ወደ ቀኙ ይገባል። መንገዶቹ ተሠሩ፤ ሠሩም፤ ሆኖም ለሠላሳ ዓመታት ያህል ከአገሩ ውጭ ብዙም የማይታወቁ ሆነው ቆዩ። በ2003 አሜሪካዊው ጊልበርት ክሌዊኪ ይህን አሠራር ስም ሰጥቶ፣ ብያኔውን ጽፎ፣ ከተለመደው ማሳለጫ ጋር በስሌት አነጻጽሮ አቀረበ። በ2009 በሚዙሪ ስፕሪንግፊልድ የአገሩ የመጀመሪያው ተከፈተ። ዛሬ በዩናይትድ ስቴትስ ከመቶ በላይ አሉ። ስሙ ብቻውን ይህን አደረገ አንልም። ነገር ግን ስምና ብያኔ ያገኘ ሐሳብ ከተሠራበት ቦታ ተነሥቶ ሊጓዝ፣ ሊፈተንና ሊሻሻል ይችላል፤ ስም የሌለው ግን በተሠራበት ይቀራል።

እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ምን ይደረግ? ማንኛውም መጋጠሚያ ከመሰየሙ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ እንዲሰጥ ሐሳብ እናቀርባለን። የትኞቹ መስመሮች ይቋረጣሉ? ቅድሚያ የማን ነው? ተቃራኒውን መስመር የሚቆርጠው መታጠፍ በምን መንገድ ይፈጸማል? በሦስተኛው ጥያቄ «ወደ ግራ መታጠፍ» ያላልነው ሆን ብለን ነው። ኢትዮጵያ በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ ነጂነት ስትለወጥ ተቃራኒውን መስመር የሚቆርጠው መታጠፍ ጎን ለውጧል፤ በኬንያ እስከ ዛሬ ወደ ቀኝ የሚደረገው ነው። ጥሩ ብያኔ ድንበር ሲሻገር መሰበር የለበትም።

ከመልሶቹም ስሙ በራሱ ይወለዳል። በድልድይ ላይ ጎን የሚያለዋውጠውን «ጎን ለዋጭ ማሳለጫ» ብንለው፣ ወደ ቀኝ አዙሮ የሚመልሰውን «ዞሮ መሻገሪያ» ብንለው፣ ለሚዞረው ቅድሚያ የሚሰጠውን ክብ «የዞሪ ቅድሚያ አደባባይ» ብለን ከሌላው ብንለየው፣ ስሙን የሰማ አሽከርካሪ ገና ሳይደርስ ግማሹን ትምህርት ይዟል። ክብ ደሴት ኖሮት በመብራት የሚገዛውንም፣ ያ ተማሪዎቻችንን ያከራከረውን፣ «ባለመብራት አደባባይ» ማለት ብቻ ክርክሩን በዘጋው ነበር።

«ስም የሚያወጣው ሕዝብ ነው፤ ለምን ትደክማላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት አለው። በእንግሊዝ ስዊንደን ከተማ በፍራንክ ብላክሞር ተነድፎ በ1972 የተሠራው መጋጠሚያ አምስት ትናንሽ አደባባዮች በአንድ ትልቅ ክብ ዙሪያ የተደረደሩበት ሲሆን፣ በውስጠኛው ክብ የሚደረገው ጉዞ ከተለመደው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሕዝቡ ከልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ወስዶ «አስማተኛው አደባባይ» አለው፤ መንግሥትም በኋላ የራሱን ስም ትቶ ይህንኑ ተቀበለ። እኛም «ማሳለጫ»ን የተቀበልነው እንዲሁ ከመንገድ ላይ ነው። የቅጽል ስምን ጣዕም ለማጥፋት አንሻም። የምንለው ከቅጽል ስሙ ጎን ብያኔው ይጻፍ ነው። በስዊንደንም ቢሆን አሽከርካሪውን በሰላም የሚያሳልፈው አስማት ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ትንሽ ክብ መግቢያ ላይ ለሚዞረው ቅድሚያ የመስጠት አንድ ሕግ ነው።

ሌላው ደግሞ «የእንግሊዝኛውን ቃል ወስደን ለምን አንገላገልም?» ይላል። ቃል መዋስ ነውር አይደለም፤ «ትራፊክ»ንም ተውሰናል። ሆኖም ብያኔ የሌለው የውሰት ቃል ከአገር በቀሉ ቃል የበለጠ ብርሃን አይሰጥም። የአደጋ መዝገብ የሚሞላ የትራፊክ ፖሊስ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያስተምር አሠልጣኝና መንገድ የሚነድፍ መሐንዲስ ለአንድ ነገር አንድ ቃል ከሌላቸው፣ የየትኛው መጋጠሚያ አደጋ እንደበዛ ለማወቅ የምናደርገው ጥረት ሁሉ የተማሪዎቻችን ቅጽ ዕጣ ይገጥመዋል።

እነዚያን ቅጾች አልጣልናቸውም። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች እናሳያቸዋለን፤ ቆጠራ ከመውጣታቸው በፊትም ሦስቱን ጥያቄዎች በቅጹ ራስ ላይ እንዲጽፉ እናደርጋለን። አንባቢም ነገ በሚያልፍበት መጋጠሚያ ላይ እነዚህኑ ጥያቄዎች ቢጠይቅና ከመልሱ የሚስማማ ስም ቢያወጣለት ደስ ይለናል። ከእኛ የተሻለ ስም ካገኘ ደግሞ የእኛን በደስታ እንተዋለን፤ ብያኔው ከስሙ ጋር እስከ መጣ ድረስ።